የኦዲሊያ ተራ

የሰማሁት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። የሆስፒታሉን ኮሪደር ስወለውል ሁለት ሐኪሞች ቆመው ስለ እህቴ የኩላሊት ዕጢ ያወራሉ። «ካንሰር እኮ አይደለም፤ ስብና የደም ሥር ነው። ደሙን ብቻ ብንዘጋበት...» አለ አንደኛው። የሌላው መልስ ጠፍቶብኛል፤ ብቻ «መሣሪያው የት አለና» የሚል ነበረበት። በማግስቱ የእህቴን የኦዲሊያን ግራ ኩላሊት ከነዕጢው አወጡት።

ዘንድሮ ያው ዕጢ በቀኙ ላይ በቀለ። ከፈነዳ ደሟ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ኩላሊቱን ካወጡት ደግሞ ሌላ የላትም። የእሷ ሐሳብ ግን በአንቲጓ ከተማ የስቅለት ዑደት ላይ ነው። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው የእመቤታችን ሐውልት የቆመበትን ከባድ መድረክ በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ ተራው የሚሰጠው የትከሻ ቁመት ተለክቶ ነው።

«አንዱን ወሰዱ፤ ሁለተኛውን አልሰጣቸውም። ደግሞ ተራዬ ደርሷል» አለች።

«እታለም፣ ከመድረኩ ሥር ብትወድቂስ?»

«ከወደቅኩም ከእመቤቴ እግር ሥር ነው። ምን ቸገረህ?»

እኔ ያቺን የኮሪደር ወሬ ይዤ፣ ሐኪም በሚያወራበት ሁሉ መወልወያዬን እያዘገየሁ ስሰማ ኖሬያለሁ። ስለዚህ በደም ሥር ውስጥ በቀጭን ቱቦ የምትሠራዋን ዶክተር ኒኔትን አስቆምኳት።

«ዶክተር፣ የዕጢውን ደም ብቻ መዝጋት ይቻላል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ኮሪደሩ።»

ሳቀች፤ ኦዲሊያንም ያምጧት አለችኝ። እህቴ በመስኖ ጎመን ታለማለችና ጠየቀቻት፦ «ቦዩን በሙሉ ነው የምትደፍኚው፣ ልጄ?»

«የለም እትዬ፤ ወደ አረሙ የምትሄደዋን ቅርንጫፍ ብቻ።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ለዚህ ነው ቀስ የምለው።»

ቱቦው በብሽሽቷ ገባ። ኦዲሊያ ነቅታ ስክሪኑን ታያለች፤ እኔ ከመስታወቱ ማዶ መቁጠሪያዬን ይዣለሁ። መጀመሪያ በተረጨው ቀለም ዕጢው ሥር እንደ ሰደደ ነገር ጠቆረ። ከዚያ ደም ሥሩን የሚደፍኑ ደቃቅ ፍሬዎች ተላኩበት። ቀለሙ እንደገና ሲረጭ የዕጢው ቦታ ባዶ፣ ኩላሊቱ ግን ቅጠሉ እንደሞላ ዛፍ ነበር።

«አዩት እትዬ? እሱ ተጠማ፤ ኩላሊትዎ እየጠጣ ነው።»

ያም ሆኖ ሽንቷ እስኪመጣ አላመንኩም። በሦስተኛው ሰዓት ድምጿ ከክፍሏ ወጣ፦ «ናርሲሶ! ፖፖውን ሞላሁት! ለዓለም ንገር!» አጠገቧ የተኙት ሁሉ አጨበጨቡ። መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ አማተብኩ።

በማግስቱ ዶክተሯ መጣች። «ኩላሊትዎ ደህና ነው። መሸከም ግን ዘንድሮ የለም።»

«ቦታዬ ባዶ ከሆነ መድረኩ ያዘነብላል!» ኦዲሊያ ከአልጋዋ ቀስ ብላ ወረደችና ትከሻዋን ከዶክተሯ ትከሻ ጋር አገጣጠመች። «ልክክ! እመቤቴ ለክታ ነው የላከችሽ።»

«እኔን? እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ስጠመቅ ነው።»

«ታዲያ አልቆየሽም?»

«ተራው ከአንዱ የመንገድ ማዕዘን እስከ ሌላው ብቻ ነው፣ ዶክተር» አልኩ እኔም።

«ጥቁር ቀሚስ የለኝም።»

«የእኔ ይሆንሻል።»

ዶክተሯ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። የራሷን ትከሻ በእጇ ዳሰስ አደረገች።

«እሺ። ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች።