አንለይ ያላወቃት ወፍ

በፎገራ ሜዳ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ ባሉት መንደሮች፣ ራቅ ያለ መንገድ የሚወጣ ሰው ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት አንለይን ያማክር ነበር። አንለይ ገዴ አዋቂ ነው። ገዴ የምትባለውን ወፍ አገሬው ሁሉ ያውቃታል፤ ደረቷ ነጭ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ጅራቷ ቀይ የሆነች አዳኝ ናት። መንገደኛን በነጭ ደረቷ ከተቀበለችው መንገዱ ቀና ነው። ጀርባዋን ከሰጠችው ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የፈለገ ጉዳይ ይቅርበት እንጂ አይሻገርም። ይህን ማየት ማንን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። አይምሰላችሁ። ስትበር ደረቷን አሳይታ ስታርፍ ጀርባዋን የምትሰጥ አለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጣ የምትሄድ አለች፤ ጥንድ ሆነው መጥተው አንደኛዋ እንዲህ ሌላኛዋ እንዲያ የሚሆኑም አሉ። ይህን ሁሉ ለይቶ "ሂድ" ወይም "ተመለስ" ማለት የአንለይ ፋንታ ነበር።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ለማየቱ ምንም አይቀበልም፤ ሰው ሲቸገርም ቀድሞ የሚደርስ ነው። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። "አላውቅም" የምትባለዋ ቃል ከአፉ አትወጣለትም። ስለ በሬ በሽታ ቢጠየቅ ያውቃል፤ ስለ ዝናም ቢጠየቅ ያውቃል፤ በጎንደር ስላለው ፍርድ ቤት ቢጠየቅም፣ ጎንደርን በቅጡ ሳያያት፣ ያውቃል። የመንደሩ ሰውም ለምዶታል። ካድሬ መጥቶ "ኋላ ቀር ልማድ ይውደም!" ሲል አንለይ ከፊት ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር፤ በማግሥቱ ካድሬው ራሱ ወደ ደብረ ታቦር ሊነሣ ሲል በአጥር በኩል ጠጋ ብሎ "ለመሆኑ ዛሬ እንዴት ናት?" ብሎታል።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የተፈጠረው ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ በነበረው ጥቅምት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለውትድርና የሚሄዱትን ጎረምሶች ሊመርጥ ነው ተባለ። ትዳር ይዞ ጎጆ የወጣ ለጊዜው ይቆያል ተብሎም ይወራ ነበር። የአንለይ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛው ማረው፣ አለኸኝ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ሌላ የለውም። ማረውና ሚስቱ ንግሥቲ እንቅልፍ አጡ። በጣራ ገዳም በኩል ያየህ የሚባል የተከበረ ገበሬ ልጁን ጽጌሬዳን ቢጠይቁት እንደማይከለክላቸው በሰው በሰው ሰምተዋል። እንግዲህ ሽማግሌ ልከው እሺታውን ካገኙ፣ ድግሱም ቀርቶ፣ ጥርም ሳይጠበቅ ልጆቹን ሊያጋቡና አለኸኝን ሊያስቀሩት ነው። ሊቀመንበሩም "ከምርጫው በፊት ከደረሰልህ እሺ" ብሏል። ቀን ተቆረጠ። ያየህም በግ አርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ዘመድ ጠርቶ ይጠብቅ ጀመር።

ሽማግሌ የሆኑት አንለይ፣ ቄስ ገብረ ኪዳንና የወረታው ሳልህ ናቸው። ሳልህ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ያየህ ቃሉን ስለሚያከብርለት ተለምኖ የመጣ። ማረው እስከ ርብ ድልድይ ሊሸኛቸው አብሯቸው ወጣ።

ክረምቱ ያመጣው ውኃ ገና ከሜዳው አልሸሸም ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ከውኃው መሐል በቆመ የደረቀ ዛፍ ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለእነሱ ሰጥታ፣ ከእግሯ ሥር የሆነ ነገር ትቦጭቃለች።

አራቱም ቆሙ። ገድ ማየት ኃጢአት ነው እያሉ እሑድ እሑድ የሚያስተምሩት ቄስ ገብረ ኪዳን ሳይቀሩ የአንለይን አፍ ያዩ ጀመር።

አንለይ ወፏን አየ። ጀርባዋ ጥቁር አይደለም፤ ቡናማ ነው። ጅራቷ ቀይ አይደለም፤ ዝንጉርጉር ነው። አንገቷን ስታዞር ደግሞ ዓይኗን አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር መስመር አየባት፤ ኩል ስትኳል እጇ የሳተባት ሴት ትመስላለች። እንዲህ ያለች ገዴ ዕድሜውን ሙሉ አይቶ አያውቅም። ልቡ "ይቺ ሌላ ናት" አለው። በሹክሹክታም አይደለም ያለው፤ አልሰማሁም ሊል አይችልም። "ይቺን ወፍ አላውቃትም፤ እንለፍ" ቢል ምን ይመጣበት ነበር? ምንም አይመጣበትም። ድልድዩን ተሻግረው የያየህን በግ ይበሉ ነበር። ግን ሦስት ሰው አፍ አፉን እያየው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቄስ፣ አንዱ የከተማ ነጋዴ ነው።

"ጀርባዋን ሰጠች" አለ። "እንመለስ።"

ማረው ፊቱ ጠቆረ። "አንለይ፣ እስቲ ደኅና አርገህ እያት። ይኸ ቀን ካመለጠን እኮ..."

"እኔን ነው ደኅና አርገህ እያት የምትለኝ?"

"አይ፣ እንዲያው... የልጁ ነገር ሆኖብኝ ነው።"

"እኔስ ለማን ብየ ነው? ለልጁ ብየ አይደለም? በከፋ ገድ ሄደን ያጋባነው ልጅ ምን ይሆናል? ሌላ ቀን እንሄዳለን። ያየህም ሰው ነው፣ ይገባዋል።"

ማረው ወደ ወፏ አየ። ወደ አንለይ አየ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሳልህ አንድ ነገር ሊል ጉሮሮውን ጠራረገና ሽሮ መሰል ቀለም ያለውን የሜዳውን ውኃ እያየ ቀረ። ተመለሱ።

ያየህ ግን አልገባውም። የጠራቸው ዘመዶቹ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ጽጌሬዳ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ጓዳ እንደተቀመጠች፣ ቀኑ መሸ። "ደጄን ንቀው ነው" አለና ሳይውል ሳያድር ልጁን ለሌላ አጨ። ማረው ይቅርታ የሚጠይቅለት ሰው ቢልክ ከአጥሩ ሳያስገባ መለሰበት። ብዙም አልቆየ፣ ሊቀመንበሩ ስም ጠራ። አለኸኝ ከተጠሩት ውስጥ ነበር። ወረታ መገንጠያው ላይ ከጓደኞቹ ጋር በጭነት መኪና ሲጫን ንግሥቲ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ መሬት እየተጎተተ መኪናውን ተከትላ ሮጠች። አንለይም ሊሸኝ ወጥቶ ነበር። አቅፎ መለሳትና "አይዞሽ፣ ያን ቀን ብንሻገር ኖሮ ከዚህም የከፋ ይመጣ ነበር" አላት። እሷም አመነችው። በኋላ ይህን ያለበትን አፉን ባሰበው ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኝ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ወፏ ወደ አንለይ ሠፈር መጣች። ከቤቱ ጓሮ ዝቅ ብሎ ውኃው ሲሸሽ የተረፈ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው ዳር ካለ የደረቀ ሾላ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ያው ኩሏ፣ ያው ዝንጉርጉር ጅራቷ። አንለይ ከብቶቹን ከበረት እያስወጣ ነበር፤ ትቷቸው ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፈታ። ጠዋት እሷን ያያል፤ ከሰዓት እሷን ያያል። ገዴ እንድትሆንለት ፈልጎ ነው። ገዴ ከሆነች እሱ አልተሳሳተም፤ አለኸኝም የሄደው በእሱ አፍ ሳይሆን በዕድሉ ነው። አንዱን ቀን "አርጅታ ይሆናል ጅራቷ የደበዘዘው" ይላል። በሌላው ቀን "የገዴ ጫጩት እንደሆነች ቡናማ ናት፤ ይቺም ገና ልጅ ናት" ይላል። እንዲህ እያለ ሲሟገትላት ሰነበተ። ማረው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ግን አንለይ ወፏን የሚያይ እንዳይመስልበት ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሣ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ወፏ ከሾላው ተነሣች። ከኩሬው በላይ እንደ መቆም ብላ ክንፏን አርገበገበች፤ ከዚያ እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ውኃው ላይ ተወረወረች። ውኃው ተረጨ፤ ወፏም ለአፍታ ጠፋች። ብቅ ስትል ዓሣ ይዛለች። በአየር ላይ እንዳለች ውኃውን አራገፈች፤ የዓሣውን ራስ ወደ ፊት አዙራ ጨበጠችና ወደ ሾላዋ ተመለሰች። ገዴ አይጥና እባብ ነው የምትበላው። ገዴ ውኃ ውስጥ ስትገባ ያየ ሰው ከአዳምም ወዲህ የለም። አንለይ በአካባቢው ማንም ሳይኖር ጋቢውን ሳብ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

እንዲያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠም። በገበያ ቀን ወረታ ወርዶ ሳልህ ሱቅ ገባ። ሳልህ በወጣትነቱ ከጣና ዳር ዓሣ እያመጣ ይነግድ ስለነበር የሐይቁን ነገር ያውቃል። አንለይ ጨው ሊገዛ እንደመጣ ሆኖ ቆየና "አንድ የማውቀው ሰው አንዲት ወፍ አይቶ ቸግሮታል" አለ። መልኳን ነገረው፤ ኩሏንም፣ ዓሣ መያዟንም አልደበቀም።

"የዓሣ ጭልፊት ናት" አለ ሳልህ። "ክረምት ሲወጣ ትመጣለች፤ ከየት እንደምትመጣ አላህ ያውቃል። በጋው ሲያልቅ ደግሞ ትሄዳለች። ከዓሣ ሌላ አትቀምስም።"

"ገድ አላት?"

"ለዓሣው ክፉ ገድ ናት። ለሰው ግን ምንም አይደለች።" ሳልህ ጨውን መስፈር ጀመረ። ዓይኑን ከጨው ሳያነሣ "ያን የምታውቀውን ሰው፣ ብዙ አይዘን በለው" አለ።

አንለይ ወደ ሳልህ ጠጋ አለ። "ያን ቀን አውቀሃት ነበር?"

"አውቄያት ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልህ?"

"ገዱ የእናንተ ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ አልሁ። ቄሱም ዝም አሉ። እውነት ለመናገር አንለይ፣ እኔንም ያሳፍረኛል።"

አንለይ ጨዉን ሱቅ ረስቶ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ሰላም የሚሉትን ሰዎች ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሁሉም የሚያውቁበት መሰለው፤ ከሁሉም በላይ ግን ነገሩን ገና የማያውቀውን ማረውን ፈራ። ቢሆንም ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ማረው እርሻ ሄደ። ማረው ውኃው በሸሸበት ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራ ሊዘራ ብቻውን ያርሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለኸኝ ነበር ከበሬዎቹ ኋላ።

"ማረው፣ ያች የድልድዩ ወፍ..." ብሎ ጀመረ።

ማረው በሬዎቹን አቆመ። "ዓሣ ይዛ ነበር" አለ። "ስትበላ አይቻለሁ።"



"አይተህ ነበር? አይተህ ምነው አልነገርኸኝ? ያንተ ልጅ አይደለም ወይ?"

"እያት ብየህ ነበር እኮ።" ማረው ጅራፉን በእጁ ይጠቀልል ጀመር። "አልሰማህም። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? በቄሱና በሳልህ ፊት አንለይ አያውቅም ልበል? ካንተ ጋር አብረን አደግን። ላዋርድህ አልቻልሁም፣ ዝም አልሁ። ሌት ተቀን የሚበላኝ ያንተ አይደለም፤ የኔ ዝምታ ነው።"

አንለይ ስድብ ጠብቆ ነበር የመጣው፤ ዱላም ቢሆን ይችል ነበር። ይህን ግን አልቻለውም። ወዳጁ የእሱን ስም ለማዳን ልጁን ሰጥቷል። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ማረውም እርፉን ይዞ ቆመ።

በዚህ መሐል ንግሥቲ ለባሏ ምሳ ይዛ መጣች። አንለይን ስታይ ፊቷ በራ።

"አያ አንለይ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር። ማረው ልጁን ሊያየው ወደ ማሠልጠኛው ሊነሣ ነው። እስቲ ይዩልን፣ መንገዱ እንዴት ነው? የልጄስ ነገር እንዴት ነው?"

አንለይ ተነሣ። ማረውን አየው፣ እሷን አያት። ከዚህ በኋላ የምትዋሽ ምላስ አልፈልግም ብሎ ቆረጠ። ዕድሜውን ሙሉ ያላወጣትን ቃል እንደምንም ከደረቱ ጎትቶ አወጣት።

"አላውቅም" አለ።

የንግሥቲ ፊት አመድ መሰለ። የያዘችው ምሳ ከእጇ ወደቀ። "አላውቅም? እርስዎ?" አለች። "እርስዎ የማያውቁት ኖሮ ያውቃል? ምን አይተውበት ነው የሚደብቁኝ? ልጄን ምን አዩበት?"

"ኧረ ምንም አላየሁም! እውነቴን ነው፣ እኔ ምንም የማውቀው..."

"ሞቷል! አይተዋል፣ ሞቷል!" ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። "ልጄን! ልጄን!"

ማረው ሮጦ ሊያነሣት ሞከረ፤ አልቻለም። ቀና ብሎ አንለይን አየው። ቁጣ የለበትም፤ የሚለምን ሰው አስተያየት ነው። አንለይ ገባው። እውነቱን ለዚች ሴት የሚናገርበት ጊዜ ካለ ድልድዩ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቱ ይገድላታል።

"ተነሺ ንግሥቲ" አለ። "ጠዋት አይቻታለሁ። ደረቷን ሰጥታለች። መንገዱም ቀና ነው፤ ልጁም ደኅና ነው።"

"እውነትዎን ነው? ማርያምን ይበሉኝ!"

"ማርያምን" አለ አንለይ።

ንግሥቲ እያለቀሰች ሳቀች። እየዳኸች ቀርባ ጉልበቱን አቅፋ ሳመችው፤ "ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እርስዎን የሰጠን አምላክ ይመስገን" እያለች ደጋግማ ሳመችው። ማረው ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ። አንለይ እግሩን ሊያሸሽ ሞከረ፤ እሷ ግን አጥብቃ ይዛው ስለነበር ዓይኑን ጨፍኖ እስክትጨርስ ቆመላት።