ማንንም የማይነካ መዝሙር

መጋቢያችን ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ «የፍጥረት እሑድ» የሚባል ሐሳብ ይዘው መጡ። በዚያ እሑድ ስብከቱም ጸሎቱም መዝሙሩም ስለ ምድር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ዛፍና ስለ እንስሳት ይሆናል፤ ጉባኤው እግዚአብሔር የሠራውን ማመስገን ብቻ ሳይሆን መጠበቅም እንዳለበት ይማራል። የመዘምራን መሪ እኔ ስለሆንኩ መዝሙር የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አጉረመርም ነበር፤ በዚህኛው ግን ደስ አለኝ፣ የራሴ ምክንያት ነበረኝ።

መተዳደሪያዬ ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር ቤት ያላት ሴት ከመጋቢ በላይ ኑዛዜ ትሰማለች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ያስገባች ደንበኛ እሷ ስለማትሰማ ሌላውም የማይሰማ ይመስላታል፤ የሆዷን ሁሉ በጩኸት ታወራለች። የሰፈሩን ገመና እንዲህ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። አንዳንዴ ግን ከአፍ ይልቅ የራስ ቅል ይናገራል። አብራን የምትዘምር አንዲት ልብስ አጣቢ አለች፤ ቤቷ ከወንዙ ዳር፣ ወደ ታች ነው። ትንሿ ልጇን ፀጉሯን እንዳስተካክልላት አመጣቻት። ሻሹን ሳነሳው እጄ ባለበት ቀረ። የልጅቱ የራስ ቆዳ ተልጦ ቀልቷል፣ ፀጉሯም በነካሁት ቁጥር ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። በምን እንደምታጥባት እናትየዋን ጠየቅኋት። በወንዙ ውሃ ነው አለችኝ፤ ሌላ በምን ላጥባት ኖሯል በሚል ዓይን እያየችኝ።

ወንዙ ምን እንዳገኘው ለማወቅ መመራመር አያስፈልግም። ከላይ በኩል የወንድሜ ማቅለሚያ አለ፤ ክርና ጨርቅ ያቀልማል። ቀይ የተወደደ ሰሞን ወንዙ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ የተወደደ ሰሞን ሰማያዊ። የዘመኑን ፋሽን ለማወቅ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይበቃል እያልን ፀጉር ቤት ውስጥ እንቀልድ ነበር። የልጅቱን ራስ እስካይ ድረስ እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ወንድሜ ለእኔ ወንድም ብቻ አይደለም። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ፣ ትዳሬ ሲፈርስ ምን ሆንሽ ሳይል በሩን የከፈተልኝ እሱ፣ ፀጉር ቤቱንም የሠራልኝ እሱ። ሸብቼ እንኳ እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የሚለኝ። ከሱ ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ቢቀየመኝ በዚህች ምድር ላይ የማን እንደምባል አላውቅም። ስለዚህ «ጋሼ፣ ወንዙን እያበላሸኸው ነው» የምትለዋን አጭር ነገር ምላሴ ላይ ይዣት ስንት ጊዜ እቤቱ ገብቼ ስንት ጊዜ መልሼ ይዣት ወጣሁ። በመጨረሻ መዝሙር አደረግኋት። ፊት ለፊት የማይባል ነገር በዜማ ይባላል፤ ዘማሪ ደግሞ አይከሰስም።

መዝሙር ለመምረጥ በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ተሰበሰብን፤ መጋቢ፣ እኔና ጣቶቹ በመርዘማቸው «ሸረሪት» ብለን የምንጠራው ኪቦርድ ተጫዋች። የራሴን ለመጨረሻ አስቀምጬ ስለ ዛፎች የሚዘመረውን አቀረብኩ። መጋቢ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣንቃ ነጋዴ ናቸው፤ ሰውን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ዛፍ አትቁረጡ እያሉ መዘመር ምን የሚሉት ፍቅር ነው አሉ። ስለ ተራሮች ያለውን አነሳሁ። እኛ ያለን ተራራ አንድ ነው፤ እሱንም ድንጋይ አውጪው ወንድማችን እስከ ወገቡ ጨርሶታል፣ ሚስቱ ደግሞ ከመዘምራኑ መሀል ናት። ያም ቀረ። ሸረሪት እንግዲያው ስለ እንስሳት ይሁን አለ። መዝሙሩ ውስጥ በጉም በሬውም ያመሰግኑሃል የሚል ስንኝ ስላለ መጋቢ ሥጋ ቤት ያለውን ወንድም አስታወሱን፤ እሑድ ሲያመሰግኑ የዋሉትን ሰኞ ያርዳቸዋል ልንል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሸረሪት ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ከወረቀቴ ላይ ስለ ከዋክብት የሚናገር አንድ መዝሙር ቀረ። የመጋቢ ፊት ፈካ።

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ። «ከዋክብት ላይ የሚሠራ አባል እስካሁን የለንም።»

የቀለዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው እየጻፉ ነው። ይሄኔ የራሴን አወጣሁና ከነዜማው አሰማኋቸው፤

አንተ ያፈለቅኸው ውሃ፣ ያኔ የወረደው ጠርቶ፣
ዛሬ በደጃችን አለፈ፣ የሰው ቀለም ተቀብቶ።
የላዩ ሰው እጁን ታጥቦ፣ የታቹን ሰው አጠጣው፤
ልብስ ያማረበት ቀለም፣ ልጅ ሆድ ምን አመጣው?

ሸረሪት ጫማውን መመርመር ጀመረ። መጋቢም እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው። መፍራታቸው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ዱሮ የሚያጠምቀው ወንዙ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ነጭ ለብሰው የገቡ ተጠማቂዎች ሐምራዊ ሆነው ወጡ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ግቢው ውስጥ በሴራሚክ ያማረ የማጥመቂያ ገንዳ አሠርቶ ሰጠ፤ ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ፣ ገንዳው ለምን አስፈለገ ያለ ግን አልነበረም። እኔም መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

መጋቢ ዜማው ግሩም ነው፣ ግጥሙ ግን ትንሽ ቢለዝብ አሉ። ወንዝ ከሚል ባሕር ቢል፤ ባሕር አገራችን ስለሌለ የሚቀየም አይኖርም። እኔ እንቢ አልኩ። ለመጋቢ እንቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ዝም አይነቅዝም እህቴ አሉኝ። ውሃ ከጥሩ ነገር ከሥሩ ብዬ መለስኩላቸው። በተረት ተያይዘን ትንሽ ከቆየን በኋላ ደከማቸው መሰለኝ አንድ ነገር ወሰኑ፤ ለወንድሜ አስቀድሜ ልነግረው፣ እሱ ካልተቃወመ ሊዘመር። ራሴ የሸሸሁትን ጉዳይ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ማቅለሚያው ድረስ ሄድኩ። ወንድሜ ከጋኖቹና ከእንፋሎቱ መሀል ወጥቶ አቀፈኝ። ባለቤት ከሆነ ስንት ዘመኑ፣ ግን ዛሬም ከሠራተኞቹ ጋር ጨርቅ ያገላብጣል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም አይለቅም። አፌን ሳልከፍት እጄን ይዞ ወደ ቢሮው ወሰደኝና አንድ ጥቅል ጨርቅ ዘረጋልኝ። የፍጥረት እሑድ እንዳለ ሰምቶ ለመዘምራኑ የጋውን ጨርቅ አቅልሟል፤ ለምለም ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። ከመስኮቱ ውጭ ያው አረንጓዴ በቧንቧ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ወደዚያ ስመለከት ወንድሜም ተመለከተ። ማዶ ያለውን ጎጆ በአገጩ አሳየኝ። እሱ ዘንድ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ሁለት በርሜል ጥዶ ክር ማቅለም ጀምሯል። ይኸው ሰው ያለ ማጣሪያ ወንዛችንን አጠፋው፣ እኔ ስንት ደክሜ ማጣሪያ ጉድጓድ አስቆፍሬ አለ፤ ከልቡ አዝኖ። ጉድጓዱን አውቀዋለሁ። ሲቆፈር መጋቢ ጸልየውበታል። ከሞላ ቆይቷል፤ የሚገባበት ሁሉ በላዩ እየፈሰሰ ያልፋል። ወንድሜ ግን አስቆፍሯልና ለሱ ጉድጓዱ አሁንም ባዶ ነው።

«ጋሼ» አልኩት፣ «አንድ መዝሙር ጽፌያለሁ። ስለ ወንዝ ነው።»

«ስለ ወንዝ? ጎሽ» አለኝ። «ወንዝ ጥሩ ነው።»

ከዚያ ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ይስማማኝ እንደሆነ ራቅ ብሎ ማየት ጀመረ። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት ልብሴን ሲገዛልኝ እንዲሁ ነበር የሚያየኝ። እንዲህ ለሚያይሽ ሰው ምን ይባላል? ጨርቄን ታቅፌ፣ ነገሬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ለመጋቢም አልተቃወመም አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

እስከ እሑድ ያለው ሰሞን የፍርሃት ሰሞን ሆነብኝ። አንዷን ደንበኛዬን ካስክ ውስጥ ረስቻት ጆሮዋ ሊበስል ምንም አልቀረው። ወንድሜ መሀል መዝሙር ላይ ተነስቶ ሲወጣ ይታየኛል፤ ቤቱ ሄጄ ሳንኳኳ የለም ሲያስብል ይታየኛል። ደግሞ ልጅቱ ትመጣብኛለች፣ ከነተላጠ ራሷ። ሁለቱን አመዛዝኜ ስጨርስ መዝሙሩን እቀደዋለሁ፣ መልሼ እጽፈዋለሁ።

እሑድ ደረሰ። በአረንጓዴ ጋውን ተሰልፈን ቆምን፤ ወንዙም በዚያ ሳምንት ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ለብሷል። ከዋክብቱን ዘምረን ስናበቃ ሸረሪት የኔን ዜማ ጀመረ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ብቻዋን የዘመረችው አጣቢዋ ናት። «ልጅ ሆድ ምን አመጣው» ስትል መዝሙር መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ሆነ። ወንድሜን ለማየት ድፍረት አጥቼ ቆየሁና አየሁት። ፊት ወንበር ላይ እጆቹን ዘርግቶ እያለቀሰ ነው።

ገብቶታል አልኩ። ደስም አለኝ፣ አዘንኩለትም። አንዴ ይደገም ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ ደገምነው። ሣንቃ ነጋዴው ሽማግሌ አሜን ይላሉ፣ ድንጋይ አውጪው አሜን ይላል፣ ከኋላ የተቀመጠው ባለ በርሜሉም አሜን ይላል። ያን ያህል አሜን የጠገበ መዝሙር መርቼ አላውቅም።

ስንወጣ ሰው ከበበኝ። ሣንቃ ነጋዴው እጄን ጨብጠው፣ ውሃ የሚያቆሽሹ ሰዎች ዛሬ ጥሩ ተደርጎ ተነገራቸው አሉኝ። ድንጋይ አውጪው፣ ዛፍ ለሚጨፈጭፉትም እንዲህ ያለ አንድ ጻፊላቸው አለኝ። ባለ በርሜሉ ጠጋ ብሎ፣ በዓይኑ ወደ ወንድሜ እየጠቆመ፣ ሳይገባቸው አይቀርም ብሎ አንሾካሾከ። መጋቢ ደግሞ ግንባራቸው ላይ ያለው ላብ ደርቆ፣ ከልክ በላይ ሰግተን ነበር፣ ማንንም አልነካም እኮ አሉኝ። ተመስገን ነው ያሉት።

ወንድሜ መኪናው አጠገብ ይጠብቀኛል። ዓይኑ ገና አልደረቀም። አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ።

«ለዚያ ለበርሜሉ ሰውዬ ነው አይደል?» አለኝ። «አይ ሚጣ፣ ልክ ልኩን ነገርሽልኝ። ግን ምን ያደርጋል፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከኋላዬ ሆኖ አሜን ሲል ሰማሁት እኮ።»

እዚህ ላይ አዎ ብዬ መኪናው ውስጥ መግባት እችል ነበር። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ወንድሜ ወንድሜ ሆኖ ይቀጥላል፣ እኔም ዘምሬያለሁ ብዬ ኅሊናዬን እሸነግላለሁ። በሩን ከፍቶልኝ ቆሟል። አጣቢዋ ልጇን ይዛ በአጠገባችን አለፈች፤ ልጅቱ ሻሽ አስራለች። ወንድሜ ፈገግ ብሎ ሰላም አላቸው።

«ጋሼ፣ ላንተ ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«መዝሙሩ። ወንዙን የምታቆሽሸው አንተ ነህ።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ እኮ» አለ።

«ሞልቷል፣ ጋሼ። ከሞላ ቆየ። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሁሉም?»

«እኔም አውቅ ነበር።»

የመኪናውን በር ዘጋው። ከዚያ መልሶ ከፈተው፣ ምን ሊያደርግ እንደነበር የጠፋው ይመስላል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን ወድጄውም አላውቅም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ሰዎች እየተሰናበቱን ያልፋሉ፣ እሱም ሳያያቸው እጁን ያነሳላቸዋል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም።

«እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ይነገራል?» አለኝ። «የመዘምራን መሪ አይደለሽ እንዴ፣ ሚጣ? ምናለ በመዝሙር ብትነግሪኝ?»