ከመድኃኒቱ ጋር የገባው ጠብታ

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ በስተርጅና የራሱ ተዘጋበት። ቀልዱ የእኔ አይደለም፤ የሽንት ቱቦ ገብቶለት በተኛበት አልጋ ላይ ሆኖ ለነርሷ ደጋግሞ የሚያወራላት የራሱ ነው። ፕሮስቴት ዕጢው አብጦ ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ይሻላል ቢለው፣ "ልጄ መድኃኒቱን እየሠራች ነው፤ እሷን እጠብቃለሁ" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ግትር ነው፣ ምን ይደረግ።

ልጁ ማለት ታላቅ እህቴ ናት። ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ከበሽተኞች የወጣ የዕጢ ቁራጭ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ በክር ታንጠለጥልና ነርቩን በኤሌክትሪክ ትነካካዋለች። ነርቩ መልእክቱን ሲያደርስ ሥጋው ኩምትር ይላል፤ የአባባን የሽንት መንገድ ያጠበበውም አንዱ ይኸው መኮማተር ነው። አዲሱን መድኃኒት ስትጨምርበት ሥጋው ዝም አለ። የዚያን ዕለት ስልክ ደውላ በደስታ አለቀሰች። አባባ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አወራ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። እህቴ መድኃኒቱ በብልቃጡ ውስጥ እንዳይበላሽ ብላ አንቲባዮቲክ ጠብ ታደርግበት ነበር፤ ለማነጻጸሪያ በያዘችው ቁራጭ ላይ ግን አልጨመረችም። ኋላ ለየብቻ ስትሞክራቸው መድኃኒቷ ምንም አልፈየደም። የነርቩን መልእክት ያፈነው ለካ አንቲባዮቲኩ ኖሯል።

"ታዲያ እሱን እንስጠዋ!" ብዬ ጮኽኩባት።

"በዚያ መጠን ከሰጠነው ኩላሊቱን ይጨርሰዋል።"

የአባባ ኩላሊት ደግሞ ሽንቱ ታምቆበት ስለከረመ ደክሟል። ሐኪሙ አሁን ቀዶ ጥገናውን ራሱ ፈርቶታል።

አብረን ገባን። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሳትሸፋፍን ነገረችው።

"አባባ፣ መድኃኒቱ አይሠራም። ተሳስቼ ነው። በእኔ የተነሳ ነው ሳትታከም የቆየኸው።"

አባባ እጁን ዘርግቶ ጸጉሯን ዳበሰ። ቢቆጣ በወደድኩ።

"እሺ፣ የኔ እናት" አላት። "ለነርሷ ግን እንዳትነግሪያት።"

ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ልትቀይር መጣች። እህቴን አይታ ፈገግ አለች።

"ልጅዎ እሷ ናት? መድኃኒቱስ፣ ደረሰ?"

አባባ ከብርድ ልብሱ ሥር የእህቴን እጅ ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

"ሊደርስ ነው" አላት። "ትንሽ ነው የቀራት።"