የቀያሹ ማሾ

አባዬ ወንድሜ ከተቀበረ ወዲህ የግቢውን በር አልፎ አያውቅም ነበር። ጠዋት ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ በረንዳ ላይ ያለችው የሽቦ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ስትደርስበት ወንበሩን ወደ ጥላው ይስባል፤ ጥላው ሲሸሸው ደግሞ ተከትሎት ይሄዳል። የቀን ጉዞው ይኸው ነው። ዕድሜ ልኩን ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተሸክሞ ጋራ ሲወጣ፣ ሸለቆ ሲወርድ የኖረ መሬት ቀያሽ፣ አሁን በረንዳ መቀየስ ይዟል።

እኔን የያዘኝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። መቀመጥ አቃተኝ። የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ሌንስ ሞርዶ ፍሬም ውስጥ ማስገባት አርፎ መቀመጥ ይፈልጋል። እኔ ግን አንዱን ሌንስ ጀምሬ እነሳለሁ። ውሃ እጠጣለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ፣ ተመልሼ ስቀመጥ የያዝኩት የግራ ዓይን ይሁን የቀኝ ጠፍቶኛል። የሱቁ ባለቤት ታግሠው ታግሠው፣ "አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" አሉኝ።

እሾሁን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ኩላሊቱ እምቢ ብሎት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ጎንበስ ብዬ በጆሮው፣ "የአባዬን ነገር አታስብ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዲቀር አልተወውም፤ እኔ አለሁ" ብዬው ነበር። ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ቃል ሰጥቼ፣ ያው አባዬ በረንዳ ላይ ነው።

ከበረንዳው ሊያስነሳው የሚችል አንድ ነገር ብቻ እንዳለ እኔም አለቃም እናውቃለን። አለቃ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ነርስ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ወንድሜ ነው፣ ቤትም ስትገባ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እንዲጠብቃት ስለምትፈልግ። ያ አንድ ነገር ማሾው ነው።

አያቴም ቀያሽ ነበሩ። ድንኳን ውስጥ የሚያመሹበትን ማሾና የሚያበስሉበትን የነሐስ የላምባ ምድጃ ከነቆርቆሮ ሳጥኑ ለአባዬ አወረሱ። አባዬ ደግሞ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ እኛን ልጆቹን ይዞ ግድቡ ዳር ድንኳን ይተክላል። ካደግንም፣ ሥራ ከያዝንም በኋላ አልቀረም። ወንድሜ ሲያገባ ምድጃውን ይዞ ሄደ፤ ማሾው አባዬ ዘንድ ቀረ።

ማሾ እንደ ፋኖስ ክብሪት ጭረው የሚለኩሱት ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ላይኛው ቧንቧ በአልኮል እሳት መሞቅ አለበት። ከዚያ መክፈቻው ሲዞር ላምባው ወደ ታንኩ በተነፋው አየር ግፊት ይወጣና እንፋሎት ሆኖ ካልሲው ላይ ይነድዳል። ካልሲ የምንላት በአምፖል ቦታ የተንጠለጠለችውን ነጭ የመረብ ከረጢት ነው። ቧንቧው ሳይግል ከከፈቱት ላምባው እንዳለ ይፈስና እሳቱ ጣሪያ ልንካ ይላል። ብዙ ከቆዩም አልኮሉ ያልቃል፣ ቧንቧው ይቀዘቅዛል፣ ውጤቱ ያው ነው። ልጆች ሳለን እኔ ላብራ፣ እኔ ላብራ እያልን ስንናከስ አባዬ ሥራውን አከፋፈለን። አለቃ አልኮሉን ትሞላና ትለኩሳለች። ወንድሜ ይከፍታል። እኔ በፓምፑ አየሩን እነፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም የማንንም ነክቶ አያውቅም።

የወንድሜ ሥራ የክብር ሥራ ነበር። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጭንቅላቱን ወደ ማሾው ዘንበል ያደርጋል፣ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። "ዝም በሉ!" ይላል። ሁላችንም ዝም። ከዚያ ድንገት ይከፍታል፤ ካልሲዋ ቦግ ትላለች። አባዬ በኩራት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። "ይሄ ልጅ እኮ ላምባ ሲፈላ ይሰማል!" ይላል ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ። አውቶቡስ ሾፌር ከሆነ በኋላም፣ "ሞተሩ ሳይታመም ነው የሚሰማው" እያለ ያወራለት ነበር።

ታዲያ ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ አለቃ፣ "አባዬ፣ ግድቡስ?" አለችው።

"ማሾው ከበራ እሄዳለሁ" አለ። "ጨለማ ውስጥ ለመቀመጥማ እዚሁስ ምን ጎደለኝ?"

"ትልቅ ባትሪ እገዛልሃለሁ።"

የሰደበችው ያህል አያት።

በነጋታው ሳጥኑን አውጥተን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። አለቃ ለኮሰች። ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ ማሾው ጥለን ጠበቅን።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እኔ ምን አውቄ! የሚሰማውን ነዋ!"

"የአንቺ ሆድ ሲጮህ እየሰማሁ ነው።"

"ቁርስ ሳልበላ ነው የመጣሁት። ዝም በይና ስሚ!"

ሰማን፣ ሰማን፣ ምንም የለም። አለቃ ትዕግሥቷ አልቆ ከፈተችው። ቢጫ እሳት ከነጥላሸቱ ወደ ላይ ተተፋ፤ ካልሲዋ ብትንትኗ ወጣ፤ አለቃ እርጥብ ጆንያ ስትወረውር የአባዬን እግር መታችው። ሌላ ካልሲ አስረን ሞከርን። ሦስተኛም። የበረንዳው ጣሪያ ጠቆረ።

አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ሳትሰሙት ነው የከፈታችሁት" አለ። ቁጣ የለውም። ያስጨነቀኝም ያ ነው። ወንበሩን ወደ ጥላው ሳበ።

"እስከ ቅዳሜ እናበራዋለን" አልኩት።

"ካልሆነ ተዉት። ሳጥኑን ዝጉና አስቀምጡት።"

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ምድጃውን ለማምጣት ወደ ወንድሜ ሚስት ቤት ሄድኩ። አሠራሩ ከማሾው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከእሱ የምማረው ነገር ይኖራል ብዬ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ትኖራለች። ከቀብሩ በኋላ ብዙም አልጠየቅናትም። ተጣልተን አይደለም። እሷን ስናይ እሱ ከኋላዋ የሚገባ ይመስለናል፤ እሷም እኛን ስታይ እንደዚያው ሳይሆንባት አይቀርም። እንዲሁ ተሸሻሸን።

በሩን አንኳኩቼ ስገባ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

"ምድጃዬን ልትወስጂ ነው የመጣሽው" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"ዘመዶቼ ዕቃ ሲጠፋባቸው ነው ትዝ የምላቸው።" ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ትንሽ መርፌ ነበረች። "ተቀመጪ በይ። ሾርባ ላሙቅልሽና ከዚያ ትነጥቂኛለሽ።"

አልተቀመጥኩም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እላለሁ። እሷ ምድጃው ላይ አልኮል ጠብ ጠብ አድርጋ ለኮሰች። ስለ አንዲት ደንበኛዋ እያወራችኝ ነው፤ ሴትዮዋ በየሳምንቱ እየወፈረች ቀሚሱን አጠበብሽው እያለች ትጣላታለች። እያወራች ፊቷን ወደ ምድጃው ዘንበል አደረገች፤ ትራስ ላይ ጋደም የምትል ትመስላለች። ወሬዋን ሳታቋርጥ የአየር መዝጊያውን ጠበቅ አድርጋ ነፋችለት። ምድጃው ሰማያዊ ነበልባል አውጥቶ ማጓራት ጀመረ። ጥላሸት የለም፣ ጭስ የለም።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"ሲፈላ! እሱ የሚሰማውን!"

ድስቱን ጥዳ ቀስ ብላ ዞረች። "እሱ ምን ይሰማል? ቀኝ ጆሮው እኮ አይሰራም።"

"የማን?"

"የባሌ ነዋ፣ የማን ይሆናል! በልጅነቱ መግል ይዞት ደንቁሮ ቀርቷል። አታውቁም?"

አናውቅም። አንድ ቤት ውስጥ አብረን አድገን አናውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች ስትጠራው ዝም ሲላት "ይሄ ኩራተኛ" ትለው ነበር። እኔም መንገድ ላይ ከጎኑ ሆኜ ስቀባጥር ዝም ብሎ ሲሄድ ኮርፎ ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ማሾውን እንዴት..."

"በጉንጩ ነዋ!" ጉንጯን መታ መታ አደረገች። "ሙቀቱ መጀመሪያ ይለበልብሻል፤ አልኮሉ ሊያልቅ ሲል ለዘብ ይላል። ያኔ ትከፍቺያለሽ። እኔንም ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። እናንተ ያንኑ ደንቆሮ ጆሮውን የጣለ ሲመስላችሁ ለእሱ ቀልድ ነበር፤ ጣቱን መቀሰሩም፣ ዝም በሉ ማለቱም። ኋላ ግን አባባ እየኮሩ ለሰው ማውራት ሲጀምሩ ጨነቀው። 'የሚኮሩበትን ምን ብዬ እነጥቃቸዋለሁ' ይል ነበር። እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ይኸው ለአንቺ ተናገርኩ።"

ሾርባውን ቆሜ ጠጣሁት። ጭንቅላቴ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። ጎንበስ ብዬ ቃሌን የሰጠሁት በየት በኩል ነው? የአልጋው አንድ ጎን ከግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ግን የትኛው? ግሉኮሱ የተሰቀለው በመስኮቱ በኩል ነው፤ እኔ ከግሉኮሱ ወዲህ ነበርኩ። ወይስ ነርሷ መጥታ ወደ ማዶ ዙሪ ብላኛለች? ቀኙን ይሁን ግራውን ለማወቅ ክፍሉን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ዞርኩት፤ አልጋው በዞርኩ ቁጥር ቦታውን ይቀይርብኛል። እስከ ዛሬም አልያዝኩትም።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ቅዳሜ ነይና ክፈቺልን" አልኳት። "አባዬ ከበረንዳው አልነሳም ብሏል።"

"እኔ? በእሱ ቦታ? እህትሽ ትበላኛለች!"

"አለቃ ነርስ ናት፤ ብትበላሽም መልሳ ታክምሻለች።"

"ቢያዩኝስ? አባባ ቢጠይቁኝስ?"

"ጆሮሽን የጣልሽ ምሰያቸው። እሱ ከቻለ አንቺ ያቅትሻል?"

ቅዳሜ ፀሐይዋ ጥልቅ ልትል ስትል መጣች። የአባዬን ትከሻ ሳመች። "ጠፋሽ እኮ ልጄ" አላት። "መንገዱን የዘጋሁት እኔ ብቻ ነኝ አባባ?" አለችው። ወንበር እንድናመጣላት በእጁ አሳየን።

አለቃ መክፈቻው ላይ ሌላ እጅ ልታይ መሆኗን ስታውቅ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን አልኮሉን ሞልታ ለኮሰች። እኔ ትንሽ ነፋሁ። የወንድሜ ሚስት ተንበረከከችና ፊቷን ዘንበል አደረገች። ጣቷንም እንደ እሱ ቀሰረች። አባዬ ከወንበሩ ወደ ፊት ሰገገ።

"እንደዚያ አይደለም" አላት። "ፊትሽን አይደለም። ጆሮሽን ስጪው፣ ጆሮሽን! እሱ ጆሮውን ነበር የሚያስጠጋው።"

እሺ ብላ ጆሮዋን አዞረች። ጸጉሯ ጉንጯን ሸፈነው፤ ሙቀቱ እንደማይደርሳት ያስታውቃል። ዓይኗ እኔን ፈለገ። የአልኮሉ ነበልባል እየወረደ ነው። አለቃ እርጥቡን ጆንያ አነሳች።

"ሰማሽው?" አለ አባዬ።

እንደገና አየችኝ። ነበልባሉ ቧንቧውን እየላሰ አነሰ። የማለችው እሷ ናት፤ እኔ አልማልኩም።

"አባዬ፣ በጉንጩ ነው" አልኩ። "አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ። ሙቀቱን በጉንጩ ነበር የሚያየው።"

አለቃ ጆንያውን እንደያዘች ቀረች። የወንድሜ ሚስት ግን ማንንም አልጠበቀችም፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አደረገች፣ ጉንጯን ሰጠችው፣ ትንሽ ቆየች፣ ከፈተችው።

ካልሲዋ ቦግ አለች። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ማሾው ማፏጨት ጀመረ። እኔ ጎንበስ ብዬ እነፋለሁ፤ ቀና ብዬ አባዬን ለማየት ፈራሁ።

"የትኛው ጆሮው?" አለ።

"ቀኙ፣ አባባ" አለች።

እጁን አንስቶ ወንበሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየ፣ በቀኙ በኩል። "ሁልጊዜ ከቀኜ ነበር የሚቀመጠው" አለ። "ግራ ጆሮው ለእኔ እንዲሆን ነዋ።" ቀጥሎም፣ "የመንጃ ፈቃዱን ምርመራ እንዴት አለፈ?"

"ሐኪሙ ግራውን አስደፍነው የሚሉትን ከከንፈራቸው አነበበ።"

"ሌባ!" አለ አባዬ። ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። "ይሄ ሌባ! እኔን አባቱን! አገር ለአገር አስወርቶኝ!" እየሳቀ እንባውን በመዳፉ ጠረገ፤ ወዲያው ተነሳ። ማሾውን በእጀታው አነሳና ደረጃውን ወረደ።

"ወዴት ነው?" አለች አለቃ።

"ሲሄዱበት ይጠፋ እንደሆነ ልየው።"

"ነጠላ ጫማ አድርገህ?"

የግቢውን በር ከፈተና ወጣ። ሦስታችንም ተከተልነው። መንገዱ መሽቶበታል። የባለሱቁ ሚስት ማሾውን ስታይ ብድግ አለች፤ ልጆች የሚጫወቱትን ኳስ ትተው ቆሙ። አንዱ ሽማግሌ ጎረቤት "እንዴ፣ ወጡ እንዴ?" ሲሉት፣ "ወጣሁ፣ ወጣሁ" እያለ አለፋቸው። አለቃ ከኋላ "አባዬ ብርድ ይመታሃል!" ትላለች። የወንድሜ ሚስት ወገቧን ይዛ ትስቃለች።

ብርሃኑ ደከም ሲል ቆመና ማሾውን መሬት ላይ አስቀመጠው። "ንፊ" አለኝ። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ ነፋሁ።

"በቃህ አሁን፣ አየኸው፤ እንመለስ" አልኩት።

"ሰኞ ልብስ ስፌት ትሠሪያለሽ?" አላት ምራቱን፣ እኔን ሳይሰማ። "ነገ እንሄድና እስከ ሰኞ ግድቡ ዳር እንሆናለን። ማን ይከፍትልናል?"

"በየሳምንቱ የምትወፍር አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሷን ትጠብቃለቻ" አለችው።

"ትጠብቅ። እስከዚያ ትከሳለች።"

ማሾውን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ። ነጠላ ጫማው አስፋልቱን እየመታ ጥፍ ጥፍ ይላል። ጥግ ላይ ሲደርስ ይዞራል ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ታጥፎ ሄዶ ነበር፤ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ብቻ ይወዛወዛል። መድከም ጀምሯል። ሮጥኩ።