ሳያወሩ አንድ ዘፈን መደነስ

ቾን ቦካኔግራ በሳን አንቶኒዮ ምዕራብ ሰፈር ጣራ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው ከሆነ ግማሹን ቴክሳስ ከዝናብ ያዳነው ብቻውን ነው። ጉራውን ግን እግሩ ይክስለታል። አንዴ የፖልካ ዳንስ ሲሽከረከር የተነሣው ነፋስ ሦስት ባርኔጣ ነጥቆ ሜክሲኮ ድንበር ድረስ ወሰደ የሚሉ አሉ፤ የሚሉት እሱና ወንድሙ ናቸው።

እሑድ ከሰዓት የሚደንሰው ኤርሊንዳ ቤት ነው። ድሮ በረዶ ይሸጥበት ስለነበር ዛሬም «በረዶ ቤት» ይባላል፤ ሦስት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ጥርስ የሚነቅል ቀዝቃዛ ቢራ፣ ከጓዳ የቂጣ ሽታ፣ ከፊት አኮርዲዮን። ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል?

የሙሽራ ልብስ የምትሰፋው ዙሌማም እዚያው ትመጣለች። ቾን እሑድ ጠዋት ባርባኮአ አብረን እንብላ እያለ ሲለምናት ከርሟል፤ ባርባኮአ ሌሊቱን ሲበስል የሚያድር የከብት ራስ ሥጋ ነው፣ ሰፈርተኛው እሑድ ማለዳ ተሰልፎ የሚገዛው።

«አንድ ዘፈን ሙሉ ሳታወራ ካስደነስከኝ እሺ» አለችው አንድ እሑድ።

«ይቺማ ምን አላት? እኔ እኮ ዝም ስል ድፍን ቴክሳስ—»

«ጀመርክ።»

አፉን ገጠመ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የእሑድ ቁርስ ለብቻው እንደመረረው ለማንም ነግሮ አያውቅም። የሚጎረርበት ነገር የለውማ።

ዳንሱ ሳይጀመር ጫማ እንዲንሸራተት ወለሉ ላይ ሸካራ የበቆሎ ዱቄት ይበተናል። በጣሳ ይዘው የሚበትኑት ሽማግሌው ዶን ፖንሲያኖ ናቸው። ቢራውን ሐኪም፣ ዳንሱን ጉልበታቸው ከልክሏቸዋል፤ በዚያ ቤት የቀረቻቸው ይቺው ጣሳ ናት። ዓይናቸው ስለደከመ ኤርሊንዳ ጣሳዋንም ልትቀማቸው ነው ይባላል።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ ጣሳውን እኔ ሞልቼ ላምጣልዎት» አላቸው ቾን። ልቡ ዙሌማ ጋ ነበርና ጓዳ ገብቶ እጁ ካገኘው ከረጢት ዘግኖ መጣ። ሽማግሌው እንደ ቄስ ጠበል እየረጩ ዞሩ።

አኮርዲዮኑ ተነሣ። ጥንዶቹ እንደ ወጉ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር ጀመሩ። ቾንም ዙሌማን ይዞ ዝም ብሎ ዞረ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ከተማ ታይቶ አይታወቅም፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሰውዬው የታመመ መስሎት አንገቱን አስግጎ አየው።

ዘፈኑ ሲጋመስ አንዱ ቢራ ደፋ። ወለሉ ጫማ መያዝ ጀመረ። ቾን ወደ ታች ሲያይ ገባው፦ ያመጣው ለቂጣ የሚቦካውን ልም ዱቄት ነው። ያ ደግሞ ፈሳሽ ካየ ሊጥ ነው። አንዲት ሴትዮ ጫማዋን እዚያው ተክላ በባዶ እግሯ አለፈች። የአውራጃውን ሕዝብ በሙሉ ቂጣ የሚያበላ ሊጥ ተነጠፈ።

ኤርሊንዳ ከባንኮኒው ወጣች። «ዶን ፖንሲያኖ፣ ምን በተኑብን? ይኼ የቂጣ ዱቄት ነው እኮ።»

ሽማግሌው ጣሳውን አሸተቱ። «ማየት ነበረብኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ጣሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ዘፈኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ዙሌማ የቾንን ፊት ታያለች። ትንሽ ቢታገሥ ባርባኮአው የእሱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ቆም ብሎ። «ጣሳውን የሞላሁት እኔ ነኝ። እሳቸው የሰጠኋቸውን ነው የበተኑት።»

«ለወትሮው ሳትጠየቅ ታወራ የለ?» አለችው ኤርሊንዳ። «ዛሬ ምን ዘጋህ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ኤርሊንዳ ጣሳውን ወደ ሽማግሌው ገፋችው። «ትክክለኛውን ራስዎ ያምጡ። ይኼን ሰውዬ ጓዳዬ አያስገቡብኝ።»

ዶን ፖንሲያኖ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ።

«አወራህ» አለችው ዙሌማ።

«አወራሁ።»

ሌላ ሳይጨምር ከመኪናው የጣራ መፋቂያውን አምጥቶ ተንበረከከ። ሲፍቅ ቆየ። ቀና ሲል ዙሌማ ጫማዋን አውልቃ፣ ሙቅ ውሃ በባልዲ ይዛ ቆማለች።

«እሑድ ጠዋት ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ለብቻዬ» አለ።

ውሃውን ሊጡ ላይ አፈሰሰችለት። «የባርባኮአውን ሰልፍ መቼ ነው የምትይዘው?»

«ገና ሳይነጋ። ሰልፉ እኮ ሦስት ሰፈር አቋርጦ—»

«ቾን።»

«አጭር ነው» አለ። «አሥር ሰው ቢሆን ነው።»

«እንግዲያው ነግቶ እንሄዳለን» አለችና መፋቂያውን ተቀበለችው።