የምዕራፍ ደሴት ሁለቱ ስንብቶች

ሰፊ ምድር የተሰጠው ሰው ቃሉን እንደ ዘር ይበትናል፤ የወደቀው ቢጠፋ፣ የበቀለው ቢበቅል፣ ነገ ሌላ እርሻ አለውና አይገደውም። ዙሪያውን ማይ የከበበው፣ ከጎረቤቱ ፊት የሚሸሽበት ስፍራ ያልተሰጠው ሰው ግን ከመናገሩ በፊት ቃሉን ይመዝናል፤ አንድ ጊዜ ካፉ የወጣው ነገር መሄጃ ስለሌለው፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ተመልሶ ደጁ ላይ ይቆማልና። ስለዚህ ነገርን የምትመረምር፣ ጥበብን የምትሻ አንባቢ ሆይ፣ የደሴት ሰዎችን ጠባይ ለማወቅ ብትወድ፣ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚለብሱ ከመጠየቅህ አስቀድሞ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚሰናበቱ ጠይቅ።

በጣና ሐይቅ ውስጥ፣ በየብስ የሚጮኽ ውሻ ድምፁ እስኪሰማባት ድረስ ለዳር የቀረበች፣ ምዕራፍ የምትባል ንኡስ ደሴት አለች። በራሷ ላይ ቤተ ክርስቲያኗን እንደ አክሊል ደፍታ፣ በወገቧ የጌሾና የሎሚ ተክል ታጥቃ፣ በእግሯ ሥር ደንገሉን አንጥፋ ትኖራለች። ሕዝቧም ታንኳ ሠሪ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጌሾ ነጋዴ፣ ከሁሉም በላይ ቀልደኛ ነው። በምዕራፍ ሌባ የለም ይባላል፤ የአገሩ ሰዎች እንደሚመሰክሩት ግን ይህ የሆነው ጽድቅ ስለ በዛ ሳይሆን መደበቂያ ስለ ጠፋ ነው። የተጣሉም ቢሆኑ ከአንድ ታንኳ በቀር መሻገሪያ ስለሌላቸው፣ በመነሻው ላይ ፊት ተዟዙረው የተቀመጡት ሰዎች ማዶ ሲደርሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወርዳሉ።

አበው እንደሚተርኩት፣ በሁከት ዘመን ከየብስ ሸሽተው የገቡት የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች፣ እህል ሊሸምቱ የተሻገሩትን ወንዶቻቸውን «ደህና ሂዱ» ብለው ሸኟቸው፤ ማዕበል ተነሣና እንደ ተባሉት ሄዱ፣ የተመለሰ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ሰሚ ነው ተብሎ ታመነ፤ «ሂድ» የሚለው ቃልም በወደቡ ላይ ተወገዘ። በፈንታው ሁለት ስንብቶች ተሠሩ። ወጥቶ ለሚመለሰው፣ ታንኳው ገና ከዳር ሳይላቀቅ፣ ተመልሶ እንደ መጣ ተቆጥሮ «እንኳን ደህና ገባህ» ይባላል። ለማይመለሰው፣ ይኸውም ርቃ ለምትዳር ሙሽራ፣ ለመናኝ፣ ጉዳዩን ለፈጸመ እንግዳ፣ «አገርህ ደህና ያግባህ» ይባላል። የፊተኛው ሰውን ከደሴቲቱ ጋር ያስራል፤ የኋለኛው ይፈታል። ድምፃቸው ቢቀራረብም ሁለቱን ማፋለስ፣ ለሠርግ የሚባለውን በልቅሶ ቤት እንደ መናገር ያለ ነውር ነበር።

በዚያች ደሴት የመሪጌታ ክንፉ ልጅ አትጠገብ ነበረች። ይህን የምትጽፈውም ራሷ ናት፤ ነገር ግን ስለ ራሴ «እኔ» እያልሁ መጻፍ ስለሚያሳፍረኝ፣ ድፍረት እስካገኝ ድረስ «እርሷ» ብል አንባቢ ይቅር ይበለኝ። አትጠገብ ከአባቷ ጉባኤ ቤት አጥር ጀርባ ተቀምጣ ዳዊት የደገመች፣ ተማሪ አንዲት ቃል ቢዘል ከአጥሩ ወዲያ ሆና በለሆሳስ የምታርም፣ ኋላም በየብስ ዘመናዊ ትምህርት ተምራ ተመልሳ ሕፃናትን ፊደል የምታስቆጥር፣ ሰው ቀና ብሎ ቢያያት ግን አቀርቅራ በእግሯ ጣት መሬት የምትጭር ልጃገረድ ነበረች።

የዓይን ሕመም ደሴቲቱን በያዘበት ዓመት፣ ምትኩ የሚባል ድሬሰር የአሰበ ተፈሪ አገር ተወላጅ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ታቅፎ ወደ ምዕራፍ ተላከ። ውሃ የማያውቅ የደጋ ሰው ነበረና የታንኳውን ግራና ቀኝ ጨምድዶ ሲገባ፣ ቀዛፊው አያ ታከለ «ጌታው፣ ልቀቋት፤ እርሷ ናት እርስዎን የምትይዝ» አሉት፤ ሕዝቡም በዚያው ቀን ወደደው። በዋርካው ጥላ የሕሙማንን ዓይን ሲያጥብ አትጠገብ ውሃ ታፈላለት፣ የሚያለቅሱ ሕፃናትን ትይዝለት ነበር። ከሥራ በቀር የተነጋገሩት ጥቂት ነው፤ እርሱ ትሑት፣ እርሷ ዓይነ አፋር፣ ሁለቱም ጨዋ ነበሩና። ሕመሙ በጠፋ ጊዜ ግን ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት እንዲዛወር ትእዛዝ መጣ። አንባቢ የልጅቱን ጭንቀት ያስተውል፤ ሰውየው ያችን ታንኳ ተሳፍሮ ከተፈታ ዳግመኛ አታየውም፣ የመሪጌታ ልጅ ደግሞ በሕዝብ ፊት ወንድን «ቅር» ልትል አይቻላትም።

በስንብቱ ጧት ሕዝቡ በወደቡ ተሰልፎ፣ ሽማግሌውም ባልቴቱም በየተራ «አገርዎ ደህና ያግባዎ» እያለ እጅ ነሣው። ተራው ለአትጠገብ ደረሰ። እርሷም ነጠላዋን እስከ ከንፈሯ ሸፍና፣ ነገር ግን ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «እንኳን ደህና ገቡ» አለች።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። አክስቷ እትዬ ደብሬ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ዛሬ የት አድሮ መጣ?» አሉ። አባቷም ተደናግጠው «ተሳስታ ነው፤ ማዩ አይቁጠርባት» ብለው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቃል የቀናውን ስንብት እንዲጮኽ አዘዙ። እስከዚያ ግን ምትኩን የያዘው ታንኳ ተነሥቶ ርቆ ነበር፤ ነፋሱም ወደ ደሴቲቱ ይነፍስ ነበርና «ያግባዎ» የሚለው ጩኸት ወደ ጮኹት ሰዎች ተመለሰ። አትጠገብ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሰዎች ኀፍረት መስሏቸው ተዉአት። የሚቀጥለው ሰንበት ሳይደርስ ምትኩ አለቆቹን ለምኖ፣ በሐይቁ ዳር ባለው ክሊኒክ ተመድቦ፣ ሣጥኑን ታቅፎ ተመለሰ፤ ከወደቡም በቀጥታ ወደ መሪጌታ ክንፉ ደጅ ሽማግሌ ላከ።

ከዚያ ወዲህ ምዕራፍ በእኛ ትዳር ስትስቅ ኖረች። «ተሳስታ አገባችው» እየተባለ በሠርግ ሁሉ ይተረካል፤ እትዬ ደብሬም እስኪሞቱ ድረስ ያላገቡትን ልጃገረዶች «እንደ አትጠገብ ምላስሽን ያሳስተው» እያሉ ይመርቁ ነበር፤ ምርቃቱም ዛሬ የአገር ሆኗል። እኔም ሲሳቅ አብሬ እየሳቅሁ፣ ልጆች ወልጄ፣ አባቴን ቀብሬ፣ እስከ ጸጉሬ ሽበት ድረስ የሸሸግሁትን እነሆ እጽፋለሁ፤ አልተሳሳትሁም። በዋዜማው ዕለት በሎሚው ሥር ብቻዬን ቆሜ፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ያን ቃል ስለማመድ ውያለሁ። ከአፌ ያመለጠ አልነበረም፤ መርጬ ያወጣሁት ነበር።

ዛሬ ወደ ደሴቲቱ የሞተር ጀልባ ይመላለሳል፤ ወጣቶቹ በሞተሩ ጩኸት መካከል «ቻው» ተባብለው ይለያያሉ፤ ሁለቱን ስንብቶች ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ሽማግሌ ቀርቷል። ልዩነቱ ሲጠፋ ድፍረቴም አብሮ ሊጠፋ መሆኑን ባሰብሁ ጊዜ፣ ማንም ሳያውቅልኝ መቅረቱ ድንገት ከበደኝ። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ፣ ባለቤቴ የጌሾ ቅጠል በሰሌን ላይ ሲያሰጣ አጠገቡ ሄድሁ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አልሁት። «ያን ዕለት አልተሳሳትሁም።»

«የቱን ዕለት?» አለ ቅጠሉን እየበተነ።

«ደህና ገቡ ያልሁዎትን ዕለት። አውቄ ነው።»

ቀና ሳይል ፈገግ አለ። «በዚያ በሕመሙ ዓመት እንኳ ከአጥር ጀርባ ሆነሽ የተማሪን ዳዊት ስታርሚ እሰማሽ አልነበረም? እንኳን ሁለት ስንብት ልታፋልሺ። መካከል ውሃ ላይ ስንደርስ አያ ታከለ፣ ‹ጌታው፣ ልጅቱን አይቀየሟት፤ ይኸ ለተመላሽ የሚባል ነው› አሉኝ። እኔም የገባሁት ገብቶኝ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አሉኝ?»

«አንቺ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ ብልሽ፣ እስከ ዛሬ ያን ዕለት ከዘጋሽው በር ትወጪ ነበር?» አለ። «ደግሞ አገሩ ተሳስታ አገባችው ብሎ ሲደሰት፣ የሰውን ሳቅ መቀማት ደግ አይደለም። ይልቅ ያን ዳር ያዢልኝ፤ ነፋሱ ሊወስደው ነው።»

ፊቴ እንደ ልጅነቴ ጋለ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ የሰሌኑን ጫፍ ይዤ፣ ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ ቅጠሉን ስንገለብጥ ቆየን። ለብቻ የያዙት ምሥጢር ሸክም ነው፤ ሁለት ሰዎች እያወቁት ስለ ፍቅር ዝም የተባባሉበት ምሥጢር ግን ስሙ ትዳር ነው።