የገበያው አፍንጫ

«ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ በገበያው መኻል የቆመው የብረት ዕቃ ስሙ ፎንታና ነው። ፎንታና! ይህን የመንግሥት ንብረት ‹አፍንጫ› ብሎ የጠራ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ካህን ይሁን ገበሬ፣ አምስት ጅራፍ ይቀምሳል!»

ነጋሪቱ ሦስት ጊዜ ተጎሰመ። የደብረ ማርቆስ ገበያተኛ አዋጁን በጸጥታ አዳመጠ። ከኋላ ቆመው ያልሰሙት ሰዎች «ምኑን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ። ከፊት የሰሙት ደግሞ ላልሰማው ማሰማት ግዴታቸው ነውና በአንድ ድምፅ መለሱ።

«አፍንጫውን!»

ደብተራ ገብረ ኪዳን ከአፍንጫው፣ ማለትም ጫፉ እንደ አፍንጫ ከጎበጠው የውሃ ፎንታና ሥር፣ ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ክንድ የሚያህል የብረት ቁልፍ ጨብጧል። ዛሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እሱን ለማየት መጥቷል። የመጡት ውሃ ለማየት ቢሆንም ውሃው በእሱ እጅ ነው።

ሥራውን ያገኘው በዋዛ ነበር። የጣሊያን የውሃ መሐንዲስ «በዚህ ከተማ ቁልፍ የሚታመነው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰዎቹ ያለ ማመንታት የቤተ ክርስቲያኑን የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ጠቆሙት። በማግስቱ ገብረ ኪዳን ባለ ሁለት ቁልፍ ሆነ፤ ከመንገድ ሥራ ግዳጅም ተረፈ።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ከተማዋ እንደ ሊጥ ኩፍ ብላለች። አስካሪው ወታደር፣ ሰካራሙ፣ ነጋዴው፣ የመንገድ ሠራተኛው፣ በቅሎው ሁሉ መጥቶ ሰፍሮባታል። ሰው ሲበዛ ወንዝ አብሮ አይበዛምና የግንቦት ውሃ ከጭቃ ጋር በማንኪያ የሚቀዳ ሆነ። መሐንዲሱም ከኮረብታው ምንጭ ቱቦ ዘርግቶ ውሃውን በጣሊያኖቹ ምሽግ ውስጥ ወዳለው የሲሚንቶ ጋን አስገባ፤ ከጋኑ ሥር ደግሞ ሌላ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ገበያው አወረደ። የገበያው ቱቦ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፤ ሲዘጋ የምሽጉ ጋን ይሞላል። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ቅኔ የዘረፈ ሰው ለዚህ አይቸገርም።

የገብረ ኪዳን ሚስት ወለተ ሰንበት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ስትመለስ አቀበቱ ላይ አዳልጧት፣ እንስራዋን ላለመስበር ብላ በጉልበቷ ወድቃ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች እንዲህ አለችው፦

«ያ ብረት ውሃ ካመጣ የልጁን ስም አንተ ታወጣለህ። ካላመጣ እንስራውን አንተ ታዝላለህ።»

«ወንድ እንስራ ሲያዝል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወንድ ሲያረግዝም አላየሁ።»

አሁን ከሴቶቹ ሰልፍ መኻል አሥራ ሁለተኛ ላይ ቆማ፣ አንገቷን እየሰገገች ታየዋለች። ሰልፉ ከአፍንጫው ተነሥቶ፣ በርበሬ ተራን አቋርጦ፣ እህል በረንዳ ድረስ ተጥመልምሏል። እንስራ፣ ቅል፣ ጋን፣ የጣሊያን ቆርቆሮ፤ ባዶ እቃ የቀረበት ቤት የለም።

«ምነው ደብተራ!» አለች ጠላ ሻጯ ያለምወርቅ ከሰልፉ ፊት። «ሳትሞት ግማሽህን ቀበሩህሳ?»

«ውሃ ስታገኚ ጠላሽ ጠላ ይመስል ይሆናል!»

«ውሃስ እስከ ዛሬም አላነሰውም፤ የጎደለው ጌሾ ነው!» አለ ከገበሬዎቹ አንዱ። ገበያው ሳቀ።

በዚህ መኻል መኪና አቧራ አስነሥቶ ደረሰ፤ ላባ የሰካ ባርኔጣ የደፋ እንግዳ ሹም ወረደ። መሐንዲሱ ተስፈንጥሮ ሰላምታ ሰጠ። አስተርጓሚው ደምለው፣ አስመራ ኖሮ የተመለሰው የደምበጫ ልጅ፣ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

«አስታወስክ አይደል? ወደ ግራ ይከፈታል፤ ወደ ቀኝ ይዘጋል።»

«አስታወስኩ።»

ማስታወሱንስ አስታውሷል። ችግሩ፣ ይህንኑ ትናንት ለቅኔ መምህሩ ለአለቃ አካለ ወልድ አጫውቷቸው ነበር። አለቃ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቁመው «በግራ?» አሉ። «በግራ የሚቆሙት እኮ ፍየሎች ናቸው፤ በጎቹ በቀኝ ናቸው። በግራ የተከፈተ በረከት በየትኛው መጽሐፍ አለ? ፈረንጁ ተሳስቶ ነው ልጄ፤ አንተ እንዳትሳሳት።»

እኚያው አለቃ አሁን ከፊት ቆመው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

መሐንዲሱ እጁን አነሣ። ገብረ ኪዳን «በስመ አብ» ብሎ አማተበ፣ አለቃን ቀና ብሎ አየ፣ ቁልፉን በሙሉ ጉልበቱ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ።

ምንም የለም። የመሐንዲሱ አንገት እንደ በርበሬ ቀላ።

«ግራ!» አለ ደምለው በጥርሱ መኻል። ቀጥሎም መታገሥ አቅቶት ጮኸ። «ግራ! ግራ!»

«እሱንማ እኛም አየን» አለች ያለምወርቅ። «ግራ ገብቶታል!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ገብረ ኪዳን አለቃን ላለማየት አቀርቅሮ ቁልፉን ወደ ግራ መለሰው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። ከመሬት ሥር አንዳች ነገር አጉረመረመ። ቱቦው በእግሩ መኻል ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ አንድ አህያ ጭነቱን ጥሎ ፈረጠጠ። አፍንጫው አየር ሳበ፣ ተንተፋተፈ፣ ከዚያም፦

«እ... እ... እጥሽ!»

«ይማርህ!» አለ ገበያተኛው በአንድ አፍ።

«እጥሽ!»

«ይማርህ!»

እንግዳው ሹም ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀ። ደምለው ዓይኑን ሳያሽ «ለጣሊያን ንጉሥ ረጅም ዕድሜ እየለመኑ ነው» ብሎ ተረጎመለት። ሹሙ ደረቱን ነፍቶ ለአፍንጫው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ።

ያኔ መጣ። መጀመሪያ እንደ ዝገት ቀይ፣ ቀጥሎ እንደ አሬራ ነጭ፣ በመጨረሻም እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ ዱብ ዱብ ሳይሆን እየተምዘገዘገ ወረደ። እልልታው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አናወጠው። ያለምወርቅ እንስራዋን ረስታ ፊቷን ሰጠችው። ገበሬዎቹ በባርኔጣቸው ቀዱ፤ ጠጡ፣ ተረጫጩ፣ ስለ ፈረንጅ ዕዳና ስለ ፈረንጅ ውሃ ባንድ አፍ ተከራከሩ። አለቃ አካለ ወልድ ሳይቀሩ ቀረብ ብለው በእፍኛቸው ጨለጡና ጢማቸውን ጠረጉ።

«ይሁን» አሉ። «ፍየሎቹም ይጠጡ እንጂ።»

ገብረ ኪዳን ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይስቃል፤ እንባው ከፍንጣሪው ጋር ተቀላቅሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ወለተ ሰንበት አሁን ስድስተኛ ናት። ከሩቅ ሆዷን መታ መታ አድርጋ፣ ስም አስብ በሚል ዓይን አየችው።

የእንግዳው መኪና ተነሥቶ ሄደ። አቧራው ሳይተኛ መሐንዲሱ ሰዓቱን አየና ሁለት ቃል ተናገረ።

«ዝጋ ይልሃል» አለ ደምለው።

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ! የምሽጉ ጋን ጎድሏል። ለልብስ አጣቢዎቹና ለበቅሎዎቹ አይበቃም።»

«ሰልፉስ?»

«እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል።»

«እንግዳ መቼ ይመጣል?»

«ለፋሲካ ይሆናል።»

«ፋሲካ አልፎ የለ እንዴ!»

«ለከርሞው ነው የምልህ።»

«ሊዘጋ ነው» የሚለው ወሬ ከሰልፉ አፍ እስከ ጅራቱ በአንድ ትንፋሽ ሄደ። እልልታው እንደ ተበጠሰ ክር ተቋረጠ። ወለተ ሰንበት ባዶ እንስራዋን አነሣች፤ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ ከሆዷ በላይ አጠበቀችው፤ ፊቷን ወደ ወንዙ ቁልቁለት አዞረች።

ገብረ ኪዳን ቁልፉን ከቱቦው ነቀለ። ከጉድጓዱ ወጣ። የብረት ክዳኑን ጎትቶ ገጠመና ላዩ ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉንም ከጭኑ ሥር ሸጎጠው። ውሃው ይወርዳል።

«ወለተ ሰንበት!» ሲል ተጣራ። «ተራሽን እንዳትለቂ!»

መሐንዲሱ መዝገብ አወጣ። በጣሊያኖቹ ደንብ ያልተዘጋ ውሃ ሁሉ ምክንያት ይጻፍለታል። ደምለው ላብ አጠመቀው።

«ዝጓል በል» ብሎ አንሾካሾከ። «ለዝገት ሦስት ቀን ይሰጣሉ።»

«ትናንት ቅባት የቀባሁት እኔ ነኝ። አልዛገም።»

«ቁልፉ ጠፋ በላ!»

«ተቀምጬበት?»

«እሺ፣ አመመኝ በል። አንተ ሰው፣ ይገርፉሃል እኮ!»

«ይግረፉኝ።»

በዚህ መኻል ሰልፉ በሩጫ ይሄዳል። አንዷ ትሞላለች፣ ሌላዋ ትተካለች። ወለተ ሰንበት ደረሰች፤ እንስራዋን ከአፍንጫው ሥር አስጠጋች፤ ባዶው ሸክላ የውሃውን ድምፅ ማስተጋባት ጀመረ። መሐንዲሱ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

«አንድ ቃል ብቻ ስጠኝ» አለ ደምለው ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። «ምንም ይሁን፣ በጣሊያንኛ እኔ አሳምረዋለሁ። ለምን አትዘጋም?»

ገብረ ኪዳን እየሞላ ያለውን የወለተ ሰንበትን እንስራ አየና ክዳኑ ላይ ተደላደለ።

«አልዘጋም።»

«ለምን?»

«አልናገርም።»